እንብላ ያልኩት መንገደኛ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ የማላምን ሰው ነኝ፣ ይሄን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ኤርፖርት የታክሲ ተራ ስንጠብቅ ጓደኞቼ ስለ ጥላ፣ ስለ መንፈስ፣ መንገድ ላይ ተሳፍሮ ከኋላ ወንበር ስለ ጠፋ ደንበኛ ሲያወሩ ጨዋታውን የማበላሸው እኔ ነኝ፣ "ታዲያ ሻንጣውን ማን አወረደለት?" እያልኩ ስስቅ የሚያቆመኝ የለም፣ ባለቤቴ ጽጌ እንኳ መጥፎ ሕልም አየሁ ስትለኝ እራትሽን በጊዜ ብዪ ነው የምላት። ስለዚህ አሁን የማወራችሁ ነገር ደረሰብኝ እንጂ ፈልጌ ያመጣሁት አይደለም፣ እስከ ዛሬም ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድሪያ ከተዛወርን ሁለተኛው ሰመር ነበር። አንድ ልጅ ናት ያለችን፣ ሊያ ትባላለች፣ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ መዛወሩ ፈጽሞ አልተስማማትም። ጓደኞቿ ሜሪላንድ ቀሩ፣ አዲሱ ትምህርት ቤት ከማንም ሳትነጋገር ውላ ትመጣለች፣ ምን ሆንሽ ስንላት "አይም ፋይን" ትልና የክፍሏን በር ትዘጋለች፣ ከእራት በኋላ ያን የተዘጋ በር እያየን ከጽጌ ጋር ቁጭ የምንልበትን ጊዜ ማስታወስ አልወድም። በመጨረሻ የትምህርት ቤቱ አማካሪ ውሻ ቢኖራት ይረዳታል አለች። ጽጌ "ውሻ? ቤት ውስጥ?" ብላ አማተበች፣ ግን ለልጅ ሲባል የማይዋጥ የለም፣ ሄደን ከውሻ ማቆያ አንድ ቡናማ፣ አንደኛው ጆሮው የታጠፈ ውሻ አመጣን። ሊያ የእንግሊዝኛ ስም አውጥታለት ነበር፣ እኔ ግን ውሻን ከቡቺ ሌላ መጥራት አፌ እምቢ አለኝ፣ ብዙም ሳይቆይ እሷም ቡቺ ትለው ጀመር። እመኑኝ አላጋነንኩም፣ የልጄን አንደበት የመለሰልኝ ያ ውሻ ነው። ቡቺ ያደረገውን ለመናገር ብላ ከእኛ ጋር ማውራት ጀመረች፣ ይዛው ስትወጣ የሰፈሩ ልጆች ተከትለዋት ይመጣሉ፣ በሩም ክፍት ሆኖ ያድራል። ቡቺ አንድ ነገር ቢሆን ያ በር ተመልሶ እንደሚዘጋ እኔም ጽጌም እናውቅ ነበር፣ አንነጋገርበትም እንጂ።

ለእረፍት ውቅያኖስ ዳር እንሂድ ሲባል ታዲያ ችግር መጣ፣ ሆቴሎቹ ውሻ አይቀበሉም፣ የሚቀበሉትም ሞልተዋል፣ ማቆያ እናስቀምጠው ስንላት ሊያ "እንግዲያው እኔም አልሄድም" አለች። አንዱ የታክሲ ጓደኛዬ ካምፐር ለምን አትከራይም አለኝ፣ አልጋና ምድጃ ያለው መኪና፣ ሰውም ውሻም አብሮ የሚያድርበት። ቤልትስቪል፣ ግቢው ውስጥ ያቆማትን አንዲት መኪና የሚያከራይ ሽማግሌ ፈረንጅ አገኘን። ጋዙ እንዴት እንደሚከፈት፣ ጠረጴዛው እንዴት እንደሚታጠፍ አሳየኝ፣ ቡቺን ጎንበስ ብሎ አየውና "ውሾች ይህቺን መኪና ይወዷታል" አለ፣ እኔም ጥሩ አልኩ፣ ምን እላለሁ ሌላ?

ከዚያ ዝናብ፣ ከዚያ ቤልትዌይ በሚሉት ቀለበት መንገድ ላይ ተሰልፎ የቆመ መኪና። ውቅያኖስ እንሄዳለን ብለን ወጥተን ገና ፌርፋክስን አለፍ እንዳልን ቀኑ አለቀብን፣ ነገ በጠዋት እንቀጥላለን ተባባልንና ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ካምፕ ግራውንድ፣ ካምፐር ይዞ የመጣ ሰው የሚያድርበት ፓርክ፣ ገባን። ጽጌ "ይሄን ያህል ስንቅ አሰናድቼ ከቤቴ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላድር?" ብላ ሳቀችብኝ።

ዝናቡ አባርቶ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር። የጎኑን በር ከፍተን፣ ጽጌ በትንሿ ምድጃ ጥብስ ሠርታ፣ ሦስታችን በአንድ ሳህን ቀረብን፣ ቡቺ ረጅሙ ገመዱ አንገቱ ላይ እንዳለ በሩ ጋ ተጋድሟል። በዓይኔ ጠርዝ አንድ ሰው ከሐይቁ ወገን በእግር መንገዱ ሲመጣ አየሁ፣ ነጣ ያለ ካፖርት የለበሰ፣ ዝግ ብሎ የሚራመድ፣ በራችን ጋ ሲደርስ ቆም አለ። ፊቱን አላየሁትም፣ እየጠቀለልኩ ነበር። አፌ ብቻውን "እንብላ" አለ። ይሄ ታስቦ የሚባል ነገር እንዳልሆነ ታውቃላችሁ፣ እኔ ኤርፖርት ሳንድዊች ይዤ ከጎኔ ለቆመው ፓኪስታናዊ እንኳ እንብላ እላለሁ፣ እሱም ለምዶት "ብላ፣ ብላ" ይለኛል።

"ማንን ነው?" አለች ጽጌ።

"ሰውየውን።"

"የቱን ሰውዬ?"

ቀና ስል ማንም የለም። ሊያ አንገቷን በበሩ አውጥታ ግራ ቀኙን አየችና "ዳዲ፣ ማንም የለም፣ ሲሪየስሊ" ብላ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ።

ቡቺ ግን ተነሣ። ጭራውን እየቆላ፣ ሰው ለማሳለፍ እንደሚደረገው ከበሩ ፈቀቅ አለ። ወዲያው መኪናዋ ዝቅ አለች።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። እኔ ዕድሜዬን ታክሲ የነዳሁ ሰው ነኝ፣ ከኋላዬ ተሳፋሪ ሲገባ ዞሬ ማየት አያስፈልገኝም፣ ቀጭን ሴት ትሁን፣ ከባድ ሰው ይሁን፣ ቦርሳውን ጭኑ ላይ ያስቀመጠ ይሁን ጀርባዬ ይነግረኛል። የዚያን ምሽት ጀርባዬ የነገረኝ፣ አንድ ሙሉ ሰው ደረጃውን ረግጦ ገብቶ ከኋላ ባለው ወንበር ተቀመጠ ብሎ ነው። ወንበሩ ሲጥጥ አለ፣ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውሃ ተናወጠ፣ የጽጌ እጅ ሳህኑ ላይ ቀረ። ምንድን ነው ስትለኝ "ሞላው ነው፣ አሮጌ መኪና ነው" አልኳት።

ቡቺ ሄዶ ባዶው ወንበር ፊት ተቀመጠና አገጩን አሳረፈ። ወንበሩ ላይ አይደለም። ከወንበሩ ከፍ ብሎ፣ የተቀመጠ ሰው ጉልበት በሚሆንበት ቁመት፣ አየር ላይ። ዓይኑን ጨፈነ። የአናቱ ፀጉር ወደ ኋላ ይተኛል፣ ይነሣል፣ ደግሞ ይተኛል። ነፋስ ነው እንዳልል መጋረጃው አይነቃነቅም።

"ቡቺ፣ ና" አለች ሊያ። አንድ ዓይኑን ከፍቶ አያትና መልሶ ጨፈነው። ጠርታው ሳይመጣ የቀረበት ቀን አልነበረም፣ ተነሥታ አንገቱን ልትይዝ ስትል አጉረመረመባት፣ በሷ ላይ፣ እጇን ሰበሰበች። ያን ጊዜ ፊቷ ላይ ያየሁት ያ የተዘጋው በር ነው። ተናድጄ ተነሣሁና ገመዱን ሳብኩ፣ ያ ቀላል ውሻ ንቅንቅ አላለም፣ በሁለት እጄ ሳብኩ፣ ላቤ መጣ፣ እሱ ዓይኑን እንኳ አልገለጠም። ጽጌ ከቦርሳዋ የጠበል ጠርሙሷን አውጥታ እየጸለየች ረጨች፣ ቡቺ የነካውን ጠብታ አራገፈና አገጩን መልሶ አየር ላይ አሳረፈ፣ ሌላ ምንም አልሆነም። ሦስታችን ሰው ቤት ሳይጠሩን እንደገባን ሁሉ ጥጋችንን ይዘን ቆምን።

"አንተ ነህ የጠራኸው" አለችኝ ጽጌ በሹክሹክታ፣ "አንተው ሸኘው።"

እንግዲህ ሳቁብኝ፣ ከባዶ ወንበር ጋር አወራሁ። ሽማግሌ ይሁን ጎረምሳ ምን አውቄ፣ አንቱ ማለት ይሻላል ብዬ "አባቴ" አልኩ፣ "ይቅርታ ያድርጉልን፣ ልጅ ይዘናል፣ መንገደኞች ነን፣ ሳይመሽ ልሸኝዎት።" ጥቂት ቆይቶ ወንበሩ ሲጥጥ አለ፣ መኪናዋም ቀና አለች። እፎይታው ነው መሰለኝ ያሳሳተኝ፣ እንግዳ በር ድረስ ሸኝቼ ሁልጊዜ የምለው ነገር ከአፌ አመለጠ፣ "እንግዲህ አይጥፉ" አልኩ።

ጽጌ ክንዴን ቆነጠጠችው። "ምን አልክ አንተ?"

ቡቺ ወረደ። በእግር መንገዱ ወደ ሐይቁ ሄደ፣ ሳይሮጥ፣ ከአንድ ሰው ግራ ጎን እንደሚሄድ ሁሉ እርምጃውን እያስተካከለ፣ አልፎ አልፎም ቀና ብሎ ወደ ላይ እያየ። ገመዱ መሬት ላይ አይጎተትም ነበር። ምሽት ስለሆነ በደንብ አላየሁም ብዬ ራሴን ላሳምን ስንት ጊዜ ሞክሬአለሁ፣ ግን ብርሃን ነበረ።

ሊያ ስሙን እየጠራች፣ እያለቀሰች ሮጠች፣ እኔም ተከተልኳት። መንገዱ መሐል በድንገት ቆመች። ልቅሶዋ ቀጥ አለ። እጇን አነሣችና አወዛወዘች፣ ሰው ሲሰናበትህ መልሰህ እንደምትሰናበተው ዓይነት። አልፌያት እስከ መታጠፊያው ሮጥሁ፣ እዚያ እርጥብ መሬት ላይ የቡቺ ዱካ ትንሽ ይሄድና ይቆማል፣ ከዚያ ወዲያ ሐይቁና ዛፎቹ ናቸው ያሉት። እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ፣ አባት ተብዬ።

ፈለግን፣ እንዴት አንፈልግም፣ የፓርኩ ጠባቂ መጣ፣ አጠገባችን ያደሩት ሰዎች ባትሪ ይዘው ወጡ፣ በማግስቱ ፎቶውን በየምሰሶው ለጠፍን። ውቅያኖሱን ያነሣው የለም። መኪናዋን ቤልትስቪል ስንመልስ ሽማግሌው ውስጧን አየት አደረገና ቁልፉን ተቀበለኝ፣ ውሻው የት ሄደ ብሎ አልጠየቀም። ወደ ቤት ስንመለስ በራሴ መኪና ሊያ ከኋላ ተቀምጣ መንገዱን ታያለች።

"ሊዬ" አልኳት፣ "ያን ለት እጅሽን እያወዛወዝሽ ማንን ነው ባይ ያልሽው?"

"መጀመሪያ ባይ ያለኝ እሱ ነው።"

"ቡቺ?"

በመስታወቱ አየችኝ፣ ያዘነችልኝ ትመስላለች። "ዳዲ፣ ውሾች ባይ አይሉም እኮ።"

ጽጌ እጄን ጭምቅ አደረገችው፣ አትጠይቅ ማለቷ ነው፣ ዓይኔን ወደ መንገዱ መለስኩ።

አሁን ልጄ በሯን መልሳ ትዘጋለች ብለን ስንጠብቅ አልዘጋችም። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ትጫወታለች፣ አንድ ቀን እንኳ ስለ ቡቺ አላለቀሰችም። ደስ ሊለን ይገባ ነበር፣ እኔ ግን ፈራሁ፣ ብታለቅስ አብሬያት አለቅስ ነበር፣ ለማታለቅስ ልጅ ምን ይደረግላታል? ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ሌላ ውሻ እንምረጥ ብዬ ቡቺን ወዳገኘንበት ማቆያ ወሰድኳት። በጎጆዎቹ መሐል አብራኝ ዞረች፣ ለእያንዳንዱ ውሻ ጎንበስ እያለች ሰላም አለች፣ ከዚያ እጄን ያዘችኝ።

"ለምን ዳዲ? ውሻ አለኝ እኮ" አለች፣ እንዳላፍር ብላ በቀስታ።

ወደ መኪናው ተመለስን። ከመግባቷ በፊት የኋላውን በር ከፈተች፣ ይዛው ትንሽ ቆመች፣ ከዚያ ቀስ አድርጋ ዘጋችውና ከፊት ከጎኔ ተቀመጠች።

"እንሂድ" አለችኝ።

ኋላ የሚያሳየውን መስታወት ወደ ጣሪያው አዞርኩና ነዳሁ።