የማይበርደው መዶሻ

ገና ሳየው ነፍሰ ገዳይ መሰለኝ። ፍቅር እንዲህም ይጀምራል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ጠዋት ነው። ምድጃዬን አቀጣጥዬ ወናፉን ልነፋ ስል አንድ ረጅም ሰው በሩን ሞልቶ ቆመ። ጸጉሩ ላይ የኖራ አቧራ፣ እጁ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር። ጨርቁን ፈትቶ ቢላዋ አወጣና ብረት የምቀጠቅጥበት መስፍ ላይ አኖረው። ነካሁት። ይሞቃል።

«ይሳልልኝ» አለ።

እኛ ዘንድ አልጋው ላይ የሞተ ሰው በማግስቱ ማዶ ይሻገራል። በብረት የተገደለ ግን አይሻገርም። ነፍሱ የገደለው ብረት ውስጥ ትቀራለች፤ ብረቱም ውሃ ውስጥ ቢከርም አይበርድም። ነፍስ የምትወጣው ብረቱ እሳት ውስጥ ቅርጹን ሲያጣ ነው፤ ያኔም ወናፉን የሚነፋው የሟች ወገን መሆን አለበት። እኔ አንጥረኛዋ ጉጠቱን እይዛለሁ እንጂ በሰው ሙት ላይ አልነፋም። በአንድ ብረት ሁለት ሰው ከተገደለበት ደግሞ ሁለቱም እዚያው ይዘጋባቸዋል። የአንዱ ወገን ሲነፋም አብረው ነው የሚወጡት፤ አንዱን አስቀርቶ አንዱን ማሻገር የለም።

እንግዲህ ትኩስ ቢላዋ ይዞ «ይሳልልኝ» የሚል ሰው ምን ልበለው? ጉጠቴን አነሳሁና አንዱን ገድለህ ሌላ ልትጨምርበት ነው ወይ፣ ብረቱን የእንግዳ ማረፊያ አደረግከው ወይ ብዬ አፌ እንዳመጣልኝ ሞለጭኩት። ስጨርስ፣

«ውስጡ ያለው ወንድሜ ነው» አለ።

ያነሳሁትን ጉጠት መልሼ አስቀመጥኩ።

ግንበኛ ነው። ታናሽ ወንድሙን ገበያ መሃል፣ በግፊያ በተነሳ ጸብ፣ ቀዩ የሚሉት ጉልበተኛ አሥራ አንድ ጊዜ ወግቶታል። ቢላዋው ጎድኑ ውስጥ ተሰክቶ ሲቀር ያወጣው ይኸው ግንበኛ ነው፣ በገዛ እጁ። አሁን በዚያው ቢላዋ ቀዩን ሊያርደው ይፈልጋል። ለምን በሌላ ብረት አይሆንም ስለው፣ ወንድሜም እጁን ያኑርበት አለኝ።

አልስልም አልኩት። በዚህ ብትገድለው ወይ ወንድምህ ከገዳዩ ጋር ተዘግቶ ይኖራል፣ ወይ ገዳዩን በገዛ ትንፋሽህ ታሻግረዋለህ፤ ይልቅ ና ወናፉን ንፋና ልጁን አሳርፈው አልኩት። እምቢ አለ። በማግስቱ ግን መጣ፣ በሦስተኛውም ቀን። አልስልም ባልኩት ቁጥር የተሰነጠቀ ግድግዳዬን ይጠግናል። ጎረቤቴ ሸክላ ሠሪዋ እትዬ፣ ግድግዳው ሲያልቅ ይሄ ሰው ምን ሊሆን ነው ብትለኝ፣ ጣሪያው አለ አልኳት።

አንድ ቀን ሚስማር ሊመታ መዶሻዬን አነሳ። ልነጥቀው ዘልዬ ዘገየሁ። ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄስ ማነው?»

ውሸት ፈልጌ አጣሁ።

«አባቴ ነው።»

አባዬን ዘራፊዎች በራሱ መዶሻ ጭንቅላቱን ሲፈልጡት አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከከሰሉ ክምር ጀርባ ተደብቄ የአጥንቱን ድምፅ ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ ለሴት ብረት አይሰጥም ብለው አንጥረኞች ሁሉ በራቸውን ሲዘጉብኝ በዚያ መዶሻ ራሴን አስተማርኩ። አባዬ ሥራ ሲጀምር መስፉን በስሱ ሁለቴ መታ መታ ያደርግ ነበር፤ እኔም እንደሱ አደርጋለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰውን ሙት ሳሻግር የራሴን አስሬ ይዤዋለሁ።

«ለእኔ ምክር፣ ለራስሽ መዶሻ» አለኝ። ቢላዋውን ጠቅልሎ ወጣ።

ሳምንት ሙሉ አልመጣም። እሱ የጠገነውን ግድግዳ ማየት አቃተኝ። ኩሩ ነኝና ለማንም አልተናገርኩም፤ እትዬ ግን ያልነካሁትን ምሳዬን ስታነሳ ታውቅ ነበር።

በስምንተኛው ቀን ቀትር ላይ፣ ዝናብ እየጣለ፣ በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባና ወደቀ። ግንባሩ ተተርትሯል፤ ግራ እጁ ተሰብሮ ተንጠልጥሏል። በቀኙ ቢላዋውን ጨብጧል።

«ቀዩን ከሥሬ አጋድሜው ነበር... ጉሮሮው ላይ አድርጌው ነበር። ያንቺ ነገር መጣብኝ። ወንድሜን ላሻግረው መጣሁ።»

ተከትሎት ቀዩ በበሩ ገባ። መጥረቢያ ይዟል። እንደገባ ሰነዘረ፤ መጥረቢያው የግንበኛው ግራ ትከሻ ውስጥ ሰመጠ፣ ደሙ ምድጃዬ ላይ ተረጭቶ ጨሰ። ግንበኛው ቢላዋው በእጁ እያለ አልወጋበትም። ወርውሮት በባዶ ቡጢው ጥርሱን አረገፈለት። ቀዩ ደም እየተፋ መጥረቢያውን ከአጥንቱ አላቀቀና ለአንገቱ አነሳው።

እኔ አላሰብኩም። እጄ የለመደውን አነሳ። አንዴ ጆሮ ግንዱ ላይ መታሁት፣ እንደ ሸክላ ተሰነጠቀ። ሲወድቅ ደገምኩት። ሦስተኛው አያስፈልግም ነበር። መታሁት።

ከዚያ መዶሻው እጄን ለበለበኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ቀዩን ከአባዬ ጋር ዘጋሁበት። ሰውን ሳስጠነቅቅበት የኖርኩትን እኔው ሠራሁት።

የግንበኛውን ትከሻ በሻሼ ጥፍር አድርጌ አሰርኩለት። መጀመሪያ ቢላዋውን እሳት ውስጥ ከተትነው። እኔ ጉጠቱን ያዝኩ፣ እሱ በአንድ እጁ ነፋ። ብረቱ ቀልጦ አንዴ ጮኸ፣ ወንድሙ ሄደ። ከዚያ ዞሮ መዶሻውን አየ።

«ጉጠቱን ስጪኝና አንቺ ንፊ።»

«ቀዩም አብሮ ይሻገራል» አልኩት። «የወንድምህ ገዳይ።»

ሬሳውን ብዙ አየው።

«ይሻገር» አለ። «አባትሽ ከሱ ጋር ከሚያድር እሱም ይሻገር።»

ከዚህ የበለጠ የፍቅር ቃል የሰማች ሴት ካለች ትምጣና ትንገረኝ።

ነፋሁ። እጀታው ነደደ፣ ብረቱ ቀላ፣ ነጣ። አባዬ ሂድ፣ ራሴን ችያለሁ አልኩት፤ እንባዬ ወናፉ ላይ ይንጠባጠባል። ብረቱ በመጀመሪያ በክፉ ድምፅ አንዴ ጮኸ። ቀጥሎ በስሱ፣ ሁለቴ። መታ መታ።

የመንደሩ ዳኞች መጥረቢያውንና የግንበኛውን ትከሻ አይተው ጥፋት የለብሽም አሉኝ። ግራ እጁ ግን ዳግም ድንጋይ አላነሳም፤ አሁን ወናፌን የሚነፋው እሱ ነው፣ ባሌ።

ከሁለቱ ብረት አዲስ መዶሻ ሠራሁ። በመጀመሪያው ጠዋት ስይዘው እጄ ደነገጠ፤ ለካ ብረት እንዲህ ይቀዘቅዛል።

«በርዶሻል» አለኝ።

በቀረችው እጁ እጄን ያዘና እስኪሞቅ አልለቀቀውም። ዛሬም ጠዋት ጠዋት እንደዚያው ነው።