መብራት ሲጠፋ ያልጠፋው ዋይፋይ

የኑርሀያትን ጀናዛ ያጥቡ የነበሩት ሴቶች አንገቷ ላይ የጣት ሰንበር አይተው እጃቸውን ሰበሰቡ። ጠዋት ሐይቁ ዳር ስትገኝ ውሃ በላት ተብሎ ነበር። አጣቢዋ ኢንሳፍ ግን «ይህን አይቼስ አልከፍንም!» ብላ ፖሊስ አስጠራች።

ኢንስፔክተር ስህን የሟቿን ክፍል አየች። አንድ ትራስ፣ አንድ ብርጭቆ። ዐረብ አገር ስንት ዓመት የለፋች ሴት ቤት ይህ ነው? ስህንም ብትሆን ማታ ስትገባ «መጣሽ?» የሚላት የለም።

«ከማን ጋር ነበር የምታወራው?»

«ሪያድ ካለችው ልጇ ከሪታጅ ጋር፣ በዋይፋይ። ሌላ ማን አላት?» አለ ወንድሟ እንድሪስ። «የልጅቱ ቁጥር ያለው እሷ ስልክ ላይ ብቻ ነው፤ ስልኩም ጠፋ። መርዶውን እንኳ አላደረስንላትም።»

«ስልኩማ አብሯት ሰምጧል» አለ ስልክ ጠጋኙ ጎረቤት ማህዲ። «እኔ ትናንት ውጫሌ ነበርኩ። ዋይፋዩንም የገጠምኩላት እኔ ነኝ፤ እህቴ ማለት ነበረች።»

ወዲያው መብራት ድርግም አለ። ስህን ለአለቃዋ መልእክት ልትልክ በስልኳ ኔትወርክ ስትፈልግ «ኑርሀያት» የሚል ዋይፋይ ወጣ። ወይ ጉድ! ክፍሉ ገብታ ብታይ የሟቿ የዋይፋይ መሣሪያ ጭል የሚል መብራት እንኳ የለውም።

ሁሉንም ለለቅሶ የተተከለው ድንኳን ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«መብራት ሳይኖር ይህ ዋይፋይ ከየት መጣ? አንድ ሰው ከራሱ ስልክ በስሟ ሌላ ዋይፋይ ከፍቷል። መብራት ሲኖር ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ ማንም አይለያቸውም። የይለፍ ቃሉም አንድ ከሆነ የሷ ስልክ ዘው ብሎ ይገባል፤ የምትልከውም ሁሉ በሰውዬው ስልክ ያልፋል። የይለፍ ቃሏን የሚያውቀው ደግሞ የገጠመላት ነው። ማህዲ፣ ስልክህን ወዲህ በል!»

ከማህዲ ስልክ ጋር የተገናኘው አንድ ስልክ ብቻ ነበር፤ «የኑርሀያት» ይላል።

«ሐይቅ የሰመጠ ስልክ ዋይፋይ ይይዛል እንዴ?»

የኑርሀያት ስልክ ከማህዲ ጃኬት ውስጥ ወጣ፤ ሲም ካርዱ ተነቅሏል። ማህዲ አመነ። «ፎቶዎቿን ሰርቄ አስፈራራኋት። እከስሃለሁ ስትለኝ… ሸይጧን አሳሳተኝ።»

«ለምን አልጣልከውም ታዲያ?»

ስህን ስልኩን ስታየው ነገሩ ገባት። ዛሬ ጠዋት በዚያው ዋይፋይ በሟቿ ስም «ልጄ፣ ናፈቅሽኝ፣ ፎቶሽን ላኪልኝ» ብሎ ጽፏል። ቀጣይዋ ሪታጅ ነበረች። ልጅቱም «ፎቶ አልልክም፤ ደውለሽ እዪኝ» ብላለች።

እንድሪስ ስልኩን ተቀብሎ ደወለ።

«እማ! በስንት ልመና!» አለች ሪታጅ እየሳቀች።

ድንኳኑ ሙሉ ሰው ነበር፤ «አቤት» የሚላት ግን ጠፋ።