በክልክሉ ሣር ላይ የቆመችው ሚኒባስ

አንሙት ሚኒባሷን ከመንገዱ አውጥቶ ከለምለሙ ሜዳ መሀል ሲያቆማት፣ ከማዶ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን እያወዛወዙ ተጣሩ።

«ክልክል ነው። አውጣት ከዚያ።»

ክልክል ምን እንደሆነ አልጠፋውም። ያደገው ደብረ ማርቆስ ከተማ ቢሆንም የእናቱ አገር ይጁቤ ነው። መንደሩ በጋራ የሚጠብቀው፣ ከብት የማይገባበት፣ የማጨጃው ቀን ሳይቆረጥ ማንም ማጭድ የማያነሳበት ሣር መሆኑን ያውቃል። ግን አልጋና ምድጃ ገጥሞ ቤት ያደረጋትን መኪናውን የጮቄ ተራራ ፊት ለፊት በሚታይበት ቦታ ማቆም አማረው።

«ሰውየው እየተቆጡ ነው» አለች ሚስቱ ሕሊና።

«ለአንድ ቀን ነው። ጎማ ሣር አይበላም።»

«መንገድ መሪስ አንይዝም?»

«እኔ እያለሁ? የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» ብሎ ቦርሳውን አነገተ።

የአስታውን ቁጥቋጦ ጥሰው፣ ረጃጅሙን የጅብራ ተክል አልፈው ሽቅብ ወጡ። ከቀትር በኋላ ጉም ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ዋጣቸው። በረዶ ተከተለ፤ ፊት ይገርፋል፣ ዐይን አያስገልጥም። ሕሊና አዳልጧት ከጅረቱ ወደቀች። አንሙት ጎትቶ ሲያወጣት ልብሷ ሁሉ ርሷል፣ ቁርጭምጭሚቷ ዞሯል። አዘላት።

«መንገዱ ይኼ ነው?»

«ነው» አለ። አልነበረም።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከጉሙ ውስጥ ጅብ ጮኸ፤ ሌላው መለሰለት። ሁለቱ ዳር ዳሩን ተከተሏቸው። አንሙት ድንጋይ ወረወረ፣ ጮኸ፣ ደግሞ ወረወረ፣ ቁልቁል ተንደረደረ። ሚኒባሷ ጋ ሲደርስ ሕሊናን አልጋው ላይ አስተኛት። ብርዱ ጸንቶባት መንቀጥቀጧን እንኳ ትታለች፤ ስሟን ሲጠራት እንደ ሰካራም ተኮላተፈች። ቶሎ ሐኪም ቤት ካልደረሰች እንደምትሞትበት ገባው።

ሞተሩ ተነሣ። ጎማው ግን ዞረ እንጂ አልሄደም። በረዶው የቀለጠበት ሜዳ ረግረግ ሆኗል፤ ነዳጅ በሰጠ ቁጥር መኪናዋ ትሰምጣለች። ይኼኔ ዱላና ማጭድ የያዙ ሰዎች ከመንደሩ ሲወርዱ አየ። ፊት ፊት የሚመጡት ጠዋት የተጣሩት ሽማግሌ፣ አያ ባዘዘው ናቸው። መጡብኝ ብሎ ዘሎ ወረደና በሩን በጀርባው ሸፈነ።

«እኔን ምቱኝ። ሚስቴን ግን ሐኪም ቤት አድርሱልኝ።»

አያ ባዘዘው ገፋ አድርገውት ገቡና የሕሊናን እጅ ዳበሱ። ጋቢያቸውን አውልቀው ጠቀለሏት። ከዚያ ወደ ሰዎቻቸው ዞሩ።

«እጨዱት።»

«አያ፣ ቀኑ መች ደረሰ?» አለ አንዱ። «ሣሩም ገና ነው።»

«እጨዱት አልኩህ። ሰው ይቀድማል።»

አጨዱ። ክረምቱን በሙሉ ተራ ገብተው የጠበቁትን ሣር በእቅፍ በእቅፍ እያመጡ ከጎማው ሥር አነጠፉት፤ ጭቃው ሲውጠው እንደገና አጨዱ፣ አነጠፉ፣ ገፉ። አንሙት መሪውን እንደያዘ ያለቅስ ነበር። መንገዱ ላይ ሲወጣ አመሰግናለሁ እንኳ አላለም። ቀና ብሎ ሊያያቸው አፍሮ ነዳ።

ሕሊና ደብረ ማርቆስ ደርሳ ታከመች፣ ዳነችም። አንሙት ግን እንቅልፍ አጣ። የማጨጃው ቀን መቆረጡን ሲሰማ ማጭድ ይዞ ሄደ። ለምን መጣህ ያለው የለም። ሜዳው እንደ ልማዱ ለየቤቱ ተሸንሽኗል፤ ሁሉም ዕጣው በደረሰው ላይ ጎንበስ ብሎ ያጭዳል። አያ ባዘዘው ብቻ ዳር ቆመዋል።

«አያ፣ የእርስዎ ድርሻ የቱ ነው? ልጨድልዎ።»

በአገጫቸው አመለከቱት። ጎማ የቦጨቀው፣ ጭቃው ደርቆ የተሰነጣጠቀ መሬት ነበር።

«ዕጣው ይኼን አወጣብዎ?»

«ለዕጣ አልቀረበም። እጨዱ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እንዴት ለሌላ ሰው ይድረስ?»

«በሬዎችዎ በጋውን ምን ይበላሉ ታዲያ?»

«እግዜር ያውቃል። ሚስትህ ተሻላት?»

ቢቆጡት፣ ቢሰድቡት በተሻለው ነበር። ፊቱ ነደደ።

«ተሻላት» አለ መሬት መሬቱን እያየ።

ከዚያ በጎማው ዱካ ጠርዝ ተንበርክኮ፣ ከጭቃው የተረፈችውን ሣር እየለቃቀመ ማጨድ ጀመረ።