ሦስቱ ማሰሪያዎች

ሔኖክ ከአልጋው ሳይነሳ ሞቶ ተገኘ። እግሩ ከከዳው ቆይቷልና የምሥራቅ ሰፈር ጎረቤቶቹ «በሽታው ጨረሰው» ብለው ድንኳን እየተከሉ ነበር። ኢንስፔክተር ሙሉጌጥ ግን ለቀስተኛውን አልፋ ገባች። ጭኑ ላይ የመርፌ ቀዳዳ አየች፤ አልጋው ሥር ደግሞ የጣት ጫፍ የምታህል የፕላስቲክ ብልቃጥ አገኘች። ክዳኗ በፕላስተር ተጠፍሯል፤ ስም የተጻፈባት ወረቀት በውሃ ርሶ ተልጧል። ሲመረመር ውስጧ የጊንጥ መርዝ ነበር።

ይህ መርዝ ያለው የሟች እህት ታቢታ በምትመራመርበት ቤተ ሙከራ ነው። ቁልፉ በእሷና ጊንጦቹን በሚቀልበው በማርቆስ እጅ ብቻ ነው። ማርቆስ የሔኖክ አብሮ አደግ ነው።

የሟች ሚስት ኢያኤል በታቢታ ላይ ጣቷን ቀሰረች።

«ከጊንጡ መርዝ መድኃኒት ይወጣል እያለች አስጎመጀችው። በመጨረሻ ሞከረችበት፤ የገዛ ወንድሟን፣ እንደ አይጥ።»

ሙሉጌጥ ታቢታን ለብቻዋ አነጋገረቻት።

«እስቲ ልጄ፣ መርዙ እንዴት እንደሚገድል በሚገባኝ ንገሪኝ።»

«ነርቭ ከሠራ በኋላ የሚያርፈው ፖታስየም የሚባለው ጨው በበሩ ሲወጣለት ነው። መርዙ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ አንዲት ጣቱን ይወትፍበታል። ነርቩ ማረፍ ያቅተዋል።»

«ለመድኃኒት ታዲያ ምን ያደርጋል?»

«ሔኖክን የጎዱት የገዛ ደሙ ወታደሮች፣ ነጭ የደም ሴሎቹ፣ ናቸው። እነሱም ይህ በር አላቸው። የእነሱን ብቻ የሚደፍን ልሠራ ነበር። አልደረሰልኝም፤ ስጪኝ ሲለኝ ከለከልኩት።»

«እሳት ቢነካው አይበላሽም?»

«የመርዙ ቅንጣት ትንሽ ነው፣ ግን ሦስት ቦታ ላይ ከራሱ ጋር ታስሯል። ቢቀቅሉትም ማሰሪያው አይፈታም። ሲበርድ ያው ራሱ ነው።»

ማርቆስን ጊንጦቹ ዘንድ አገኘችው።

«ለሔኖክ መርዝ ሰጥተሃል?»

«እኔ? ለሔኖክ? ነፍሴን ብሰጠው ይቀለኛል።»

ሙሉጌጥ ዓይኑን አየችው። ውሸት አላገኘችበትም፤ ግራ ገባት።

ማታውኑ ሦስቱንም በኢያኤል ሳሎን ሰበሰበችና ብልቃጧን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«እንዲህ ያለ ክዳን በፕላስተር ካልታሰረ በፈላ ውሃ ውስጥ ተፈናጥሮ ይከፈታል። ወረቀቷም ርሷል። ይህች ብልቃጥ ተቀቅላለች። ሊገድል የተነሳ ሰው መርዙን ይቀቅላል? አይቀቅልም። የሚቀቅል ክፋቱ እንዲጠፋ የፈለገ ነው። ታቢታ ደግሞ በመቀቀል እንደማይጠፋ ታውቃለች። ኢያኤል ቁልፍ የላትም።»

ሁሉም ወደ ማርቆስ ዞሩ።

«አይጠፋም?» አለ ማርቆስ።

«አይጠፋም» አለች ታቢታ።

ማርቆስ ብልቃጧን አፍጥጦ አየ።

«መርዙን ውጋኝ ብሎ ለመነኝ። ውሃ ብወጋው አያምነኝም፤ ከብልቃጡ ስትቀዳ ልይ አለኝ። ጎደሬ ጥሬውን ጉሮሮ ይበላል፤ ሲቀቀል ሕፃን ይጎርሰዋል። ይህንን ነው የማውቀው። ቀቀልኩት፣ ባዶ ነው ብዬ ወጋሁት። መርዝ ገደለው ሲባል ሌላ ሰው ነው አልኩ።»

«ምነው ብትጠይቀኝ» አለች ታቢታ።

«ብጠይቅሽ ትከለክይኝ ነበር።»

ኢያኤል ቀና አለች። «ከወጋኸው በኋላ ምን አለህ?»

«እግሬ ተሰማኝ አለ። ለዘመን መለወጫው፣ ለፍቼ በዓል፣ ጉዱማሌ ሜዳ ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ለታቢታ እንዳትነግራት፣ ድንገት ትየኝ አለኝ።»

ኢያኤል ከመቀመጫዋ ወርዳ የታቢታን ጉልበት ይዛ አለቀሰች። ታቢታ የኢያኤልን ራስ እየዳበሰች ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረች።

«ማርቆስን ባይወስዱትስ?»

«አይቻልም ልጄ» አለች ሙሉጌጥ።

ማርቆስ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለ፤ እዚያው እንደጎነበሰ ቀረ።