የጫካዋ ወዬ

ጽጌማርያም የገዛ ድምጿን ከሰው ኪስ ውስጥ የሰማችው ከአስኮ ወደ ኮልፌ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተጣብባ ተቀምጣ ሳለ ነው።

«ወዬ» አለ ስልኩ።

አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ከኋላዋ የተቀመጠው መነጽራም ወጣት መልእክት በገባለት ቁጥር ስልኩ «ወዬ» ይላል። ቀስ ብሎ፣ መጨረሻው ላይ ሳቅ ሊሆን ሲል መለስ ብሎ። ሰው የራሱን ድምጽ ቢሰማ አያውቀውም ይላሉ፤ ውሸት ነው። ጽጌማርያም በሁለተኛው ላይ አወቀችው። ፊቷ ጋለ።

«ይቅርታ ወንድም» አለች ዞር ብላ፣ «ይሄን ድምጽ ከየት አመጣኸው?»

«የጫካዋ ሴትዮ ናት እኮ» አለ ወጣቱ ደስ ብሎት። «ከጌም ነው። አታውቂያትም እንዴ?»

አታውቃትም፤ አስረዳት። ዘንዶና ጠንቋይ ያለበት ጌም አለ። ለዚያ ጌም አንድ ሰው የድምጽ ሞድ ሠርቷል፤ ሞድ ማለት ተጫዋቹ አውርዶ ጌሙ ላይ የሚጨምረው ነገር ነው። እሱን ከጨመርክ በኋላ መንደሩ ውስጥ ብረት ሲቀጠቀጥ ይሰማሃል፣ ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ ይሰማሃል፤ ጫካው መሀል ስትደርስ ደግሞ ከዝናቡ ውስጥ አንዲት ሴት ድንገት «ወዬ» ትልሃለች።

«የሠራው የኛው ሰው ነው፣ ኢዮሲያስ የሚባል» አለና ቪዲዮ ከፈተላት። «ፈረንጆቹ ሲደነግጡ እዪልኝ።»

አንድ ጺማም ሰውዬ ከወንበሩ ሊወድቅ ደርሶ ይስቃል። ከሥሩ አስተያየቱ ተግተልትሏል። «ልቤ ቀጥ አለች።» «ጨዋታውን ትቼ እሷን ብቻ ነው የምሰማው።» «እንዲህ ወዬ የምትለኝ ካገኘሁ ነገውኑ ነው የማገባት።» «ማንን ነው እንዲህ የምታባብለው? አድራሻዋን ላኩልኝ።» ከዚያ በታች ያለውን እኔ አልደግመውም። እሷ ግን ሁሉንም አነበበችው።

«ወራጅ አለ» አለች፣ ፌርማታዋ ሳይደርስ።

ለምን እንዲህ ደሟ እንደፈላ ልንገራችሁ። ጽጌማርያም ኮልፌ፣ በአክስቷ የልብስ ስፌት ቤት ነው የምትሠራው። ኢዮሲያስ ቀራንዮ ቴፕና ቴሌቪዥን ይጠግናል። አምና ክረምት ላይ፣ አንገቱ ላይ ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ አንጠልጥሎ፣ ማይክሮፎን ይዞ በራቸው ላይ ቆመ። ገና አፉን ሳይከፍት ከወረዳ የመጣ መስሏት የንግድ ፈቃዱን ከግድግዳ አውርዳ ሰጠችው። እሱም ተቀብሎ እስከ መጨረሻው አነበበው። ከዚያ መለሰላትና «ሁሉም የተሟላ ነው። አሁን ከፈቀድሽልኝ የስፌት መኪናሽን ድምጽ ልቅዳ?» አላት። እንዲህ ተዋወቁ።

ከዚያ ወዲህ ምክንያት እየፈጠረ ይመላለስ ነበር። ሲጠራት «አቤት» ነበር የምትለው። አቤት ለደንበኛም ነው፣ ለአክስትም ነው፣ ለማንም ነው። አንድ ቀን ከሰዓት ግን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው፣ እሱም በሩ ላይ ቆሞ ዝናቡን ሲቀዳ፣ ፊቱን ሳያዞር «ጽጌ» አላት።

«ወዬ» አለች።

አስባበት አይደለም፣ አመለጣት። ያኔ ዞረ። ተያዩ። እሷ መቀሱን እንደያዘች፣ እሱ ማይክሮፎኑን እንደያዘ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ባሉበት ቆሙ። ጽጌማርያም እወድሃለሁ ብላው አታውቅም። ያቺ ወዬ ነበረች የተናገረችው ሁሉ። እና ይኸው አሁን የሚኒባስ ተሳፋሪ ኪስ ውስጥ ገብታለች።

ቀጥታ ቀራንዮ ሄዳ ኢዮሲያስን ሱቁ ውስጥ፣ ሆድ ዕቃው የተዘረገፈ ቴሌቪዥን ላይ አጎንብሶ አገኘችው። ሲያያት ፊቱ በራ።

«ጽጌ።»

«አቤት» አለች።

ካቻቢቴውን አስቀመጠ። «ምን ሆነሻል?»

«የጫካዋ ሴትዮ ነኝ። አድራሻዬን የሚፈልግ ሰው ነበር፣ ይኸው በእግሬ መጣሁ።»

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው፣ ይባስ ብሎ ፈገግ አለ። እኔ ብሆን እዚያው በጥፊ ነበር የምለው።

«ሰማሽው? ልነግርሽ ነበር እኮ። ሰርፕራይዝ ላደርግሽ ብዬ ነው። ስንት ሰው እንደወደደሽ ብታዪ...»

«ስንት ሰው?»

«ያወረደው ብቻ አርባ ሺህ።»

«አርባ ሺህ ሰው» አለች፣ ድምጿ እየቀጠነ። «እኔ ለአንድ ሰው ነበር ያልኩት።»

ፈገግታው ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«የብረት ሠሪውን የጋሼ ወልደሰንበትን መዶሻ ስትቀዳ አስፈቅደሃቸዋል። የስፌት መኪናዬን ስትቀዳም አስፈቅደሃል። ለብረት ፈቃድ ትጠይቃለህ፣ ለእኔ አትጠይቅም?»

«ጽጌ፣ ጫካው ብቻውን ያስፈራ ነበር። ያንቺን ድምጽ ሳስገባበት እኔን አላስፈራኝም። ሌላውም...»

«በእኔ ወዬ ሌላው ምን አገባው?»

 መልሱን ሳትጠብቅ ጥላው ወጣች። እንባዋ የመጣው መንገድ ላይ ነው። ከንዴት ነው፣ ሌላ አይምሰላችሁ።

በሳምንቱ ሉሲ፣ አብራት የምትሰፋው ልጅ፣ ስልኳን ወድራ መጣች። ሉሲ ወሬ አያመልጣትም።

«ነይ እዪ፣ ሰዉ አብዷል።»

ኢዮሲያስ ድምጹን አውጥቶታል። ጫካው መሀል የቀረው ዝናቡ ብቻ ነው። ተጫዋቾቹም ተነስተውበታል። የውጭዎቹንም ስልኩ እየተረጎመላት ሉሲ አነበበች። «ሴትዮዋን መልስ፣ አንተ ሌባ።» «ጫካው ሞተ።» «ይሄን ሁሉ የጠበቅኩት ለዝናብ ነው?» «ከአሥር አንድ ሰጥቼዋለሁ፣ እሱንም ለመዶሻው ብዬ ነው።» ሲያሞግሱት አንድ መስመር ያልጻፈው ልጅ አሁን ለእያንዳንዱ ስድብ መልስ ጽፏል፤ ለሁሉም ያው አንድ መልስ ነው። «ድምጹ ባለቤት አለው። ሳላስፈቅድ ነው የወሰድኩት። አይመለስም።»

አንዱ «ሴትዮዋ ሞተች እንዴ?» ብሎ ጠይቋል።

«አልሞተችም። ተቆጥታለች። ልክ ናት» ይላል መልሱ።

ጽጌማርያም የሚሰፋውን ጨርቅ አስቀመጠች። «ስሜን ጽፏል?»

«የትም የለሽም። ስምሽም ሰፈርሽም የለም።»

«ጥሩ» አለች። ንዴቷ ግን አልወጣላትም፤ እንዲያውም ባሰባት። ሌባ የሚሉት እነሱ ምን ቤት ናቸው? ሌባ ልትለው የሚገባት እሷ ናት። እነሱ ምናቸው ተነካ?

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የብረት በር የሚሠሩት ጋሼ ወልደሰንበት ቱታቸውን አውልቀው፣ ኮት ለብሰው ስፌት ቤቱ በር ላይ ቆሙ። ሉሲ ኮቱን እንዳየች «ሽማግሌ ላከብሽ» ብላ አንሾካሾከች። አክስቷም ሰምታ ወንበር መጥረግ ጀመረች።

«ኧረ ለእርቅ ነው» አሉ ጋሼ፣ ነገሩ ገብቷቸው። «ለሌላው ገና ነው። ለሌላው ብቻዬንም አልመጣም።»

«ጋሼ፣ እርስዎን በዚህ ማስቸገር አልነበረበትም።»

«እኔም ብዬዋለሁ። ምን አጠፋህ ስለው አንዲት ቃል ሰረቅኩ አለኝ። መዶሻዬን ያስፈቀድከኝ ልጅ እንዴት እሷን ሳታስፈቅድ ስለው መሬት መሬት አየ። ውጭ ቆሟል። ግባ ካልሽው ይገባል፣ ሂድ ካልሽው ይሄዳል። ጥፋቱ የሱ ነው፣ እኔ አልለምንልህም ብዬዋለሁ።»

ጽጌማርያም ግባም ሂድም ሳትል ራሷ ወጣች። ኢዮሲያስ ግድግዳውን ተጠግቶ ቆሟል። ማይክሮፎን አልያዘም። ያ ማዳመጫም የለም፤ ጆሮው ለካ ትልቅ ነው። ሳቋ መጣ፣ ዋጠችው።

«ስልክህን» አለች እጇን ዘርግታ።

ሰጣት። አየችው፤ እየቀዳ አይደለም። ያም አልበቃትም፣ አጠፋችው። ወደ ውስጥ ተመልሳ ጋሼ ወልደሰንበት እጅ ላይ አስቀመጠችው፤ በሩ ላይ የተደረደሩትን ሉሲንና አክስቷን በዓይኗ ገላምጣ፣ ወጥታ በሩን ዘጋችባቸው።

«አልበረደልኝም» አለችው። «ታክሲ ውስጥ ስልክ በጮኸ ቁጥር እናደዳለሁ። አንተም ቁጭ ብለህ ትሰማኛለህ።»

«እሰማሻለሁ።»

«እነሱ ጋ ያለውን ልታስመልሰው አትችልም።»

«አልችልም» አለ። ዓይኑን አላሸሸም።

እሷም አላሸሸችም። በመንገዱ ማዶ ብረት የሚቆርጡት ሰዎች አቁመው ነበር፤ ለቅዳሜ ከሰዓት ሰፈሩ ዝም ብሏል። እንደዚያ ቀን ተያዩ፣ ዝናብ የለም እንጂ።

«ያ የድሮው ነው፣ ይሁንላቸው» አለች በመጨረሻ። «በል አሁን ጥራኝ።»

«ጽጌ።»

ምን ብላ እንደመለሰችለት ለመስማት እንደጓጓችሁ አውቃለሁ። አልነግራችሁም። ለአንድ ሰው ነው ያለችው።