ከአንደኛ እስከ አራተኛ ትምህርት የለም

ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ዘጠኝ በገባበት ጠዋት አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤቱ በር ተባርሮ ጣቶቹ በውርጭ ቢቃጠሉ፣ ጥፋተኛው ማን ነው ትላላችሁ? «ልጁና እናቱ» ካላችሁ፣ ከመምህርት ዛውሬ ጋር በደንብ ትግባባላችሁ።

«ናሙናው ይኸውልሽ» አሉ መምህርት ዛውሬ፣ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ወደ ማርዣን እየገፉ። ዛውሬ የዚያ ልጅ፣ የማርዣን ታናሽ ወንድም የሳንዣር፣ አስተማሪ ናቸው። «እናትሽ በራሷ እጅ ጽሑፍ ትገልብጠውና ትፈርምበት። ነገ ጠዋት ይዘሽልኝ ነይ።»

ማርዣን አነበበችው። «ትምህርት መዘጋቱ በሰዓቱ ተነግሮኝ ሳለ፣ ልጄን በራሴ ፈቃድ ልኬዋለሁ። በትምህርት ቤቱ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም።»

«ቲቸር፣ ይሄ እኮ ውሸት ነው! መልእክቱ የተላከው ለሁለት ሰዓት አስር ጉዳይ ሲል ነው። አውቶቡሱ ከእኛ መንደር የሚነሳው አንድ ሰዓት ላይ ነው!»

«አይ ልጄ፣ አሁን ደቂቃ ቆጥረሽ ምን ልታተርፊ? ወረዳው ወረቀት ጠይቋል፣ ወረቀት እንሰጠዋለን፣ አለቀ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለዋና ከተማው፣ ለአስታናው አዳሪ ትምህርት ቤት የሚላከው የድጋፍ ደብዳቤሽ ደግሞ ገና አልተፈረመም። ዳይሬክተሯ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው። አንቺ ብልህ ልጅ ነሽ፣ ይገባሻል።»

ገብቷታል። ለዚያ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ አጥንታለች። የመግቢያ ፈተናውንም አልፋለች። የቀረው አንድ ፊርማ ብቻ ነው።

በእነማርዣን አገር የትምህርት ቤት ደንቡ ብርዱን በክፍል ያከፋፍለዋል። ከዜሮ በታች ሃያ አምስት ሲደርስ ትንንሾቹ ቤት ይቀራሉ፤ ትልልቆቹ የሚቀሩት ሰላሳ ሲያልፍ ነው። ውሳኔው ጠዋት ከአስራ ሁለት ተኩል በፊት ለወላጆች መድረስ አለበት። ሰኞ ዕለት ግን ስልኩ ጭጭ አለ፤ እህትና ወንድም እንደ ወትሮው እጅ ለእጅ ተያይዘው ወጡ። አውቶቡሱ አወረዳቸውና ሄደ። ማርዣን የዘጠነኛ ክፍል ፈተና ነበረባትና በዋናው በር ሮጣ ገባች። ሳንዣር ወደ ትንንሾቹ በር ዞረ። እሷ እኩልታ ስትፈታ፣ እሱ ባዶው ፌርማታ ላይ ቆሞ ነበር። አንድ የነዳጅ ቦቴ ሹፌር አንስቶ ሐኪም ቤት ባያደርሰው ኖሮ የሚገለበጠው ወረቀት ሌላ በሆነ።

ማታ እራት ላይ ሳንዣር ማንኪያውን በግራ እጁ ይዞ ይታገላል። ቀኙ በፋሻ ተጠቅልሏል። የሁለቱ ጣቶች ጫፍ ይትረፍ አይትረፍ በሳምንት ይታያል ብሏል ሐኪሙ።

እናታቸው ካምሻት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«እስክሪብቶ አምጪ።»

«እማ!»

«እማ አትበዪኝ! እኔ ጎህ ሳይቀድ ላም ሳልብ ነው ያረጀሁት፤ አንቺም እዚያው በረት ውስጥ እንድትቀሪ ነው የምትፈልጊው? ጣቱን እንደሆነ አላህ ያውቅለታል።»

ሳንዣር ማንኪያውን አስቀመጠ። «እኔ ነኝ እንዴ ያጠፋሁት? አውቶቡሱ ሄዷል ብዬ ለዘበኛው ነግሬው ነበር እኮ። ጋሼ ቶክታር ግን "ከአንደኛ እስከ አራተኛ ትምህርት የለም ተብያለሁ። ካስገባሁህ እኔ ነኝ የምጠየቀው፣ ወደ ቤትህ!" አለኝ። ትንሽ ልሙቅ ስለው በሩን ዘጋው።»

ዘበኛው የሚጠየቀው ልጁን ቢያስገባው ነው! ደጅ ቢደርቅ የሚጠይቀው የለም!

የካምሻት እጅ ወረቀቱ ላይ ቀረ። ማርዣን የእናቷን ስልክ አንስታ የወላጆቹን ግሩፕ ከፈተች። ከዘገየው መልእክት ስር ስድሳ አንድ ምስጋና ተደርድሯል። «እናመሰግናለን ዳይሬክተር!» «ዕድሜ ይስጥዎት!» ማንም «ለምን ዘገየ?» አላለም። ከምስጋናዎቹ መካከል የእናቷም አለበት፤ ትምህርት ቤቱ ልጄን ሙቀት ውስጥ ያቆይልኛል ብላ፣ እሱ ፌርማታ ላይ በቆመባት ሰዓት የላከችው።

ስክሪኑን ወደ እናቷ አዞረችው። ካምሻት አየችው። ፊቷ ቀላ።

«ደብዳቤሽስ?» አለች ቀስ ብላ።

«ይቅር። ካልፈረሙትም አይፈርሙት። እዚሁ ግሩፑ ላይ ልጽፈው ነው።»

እናትየዋ ናሙናውን ለሁለት አጥፋ ከሾርባው ሳህን ስር አደረገችው። «እንግዲያው ስሜን አታስገቢ ብዬ አልለምንሽም» አለች። «ሁለታችንንም አስገቢን።»

ማርዣን ግሩፑ ላይ ጻፈች፦

«እኔ ማርዣን ነኝ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ የሳንዣር እህት። እናቴ ካምሻት አጠገቤ ናት። የሰኞው መልእክት የተላከበትን ሰዓት ሁላችሁም ከላይ ማየት ትችላላችሁ። በሰዓቱ ተነግሮናል ብለን እንድንፈርም የተሰጠንን ወረቀት አንፈርምም። ክብርት ዳይሬክተር፣ አይደውሉልን፣ ቢሮም አይጥሩን። ያመሰገንንዎ ስድሳ አንዳችንም እያነበብን እዚሁ ይመልሱልን፦ መመለሻ የሌለው ልጅ በዚያ ብርድ በር እንዲዘጋበት ያዘዘው ማን ነው?»