ያልተተኮሰው እጅጌ

ሾፌሩ የተተኮሰለትን ጃኬት ለብሶ ትከሻውን ነቅነቅ አደረገና ሳቀ። ከትናንት ወዲያ እዚሁ የላውንደሪው ባንኮኒ ፊት ሲቆም እጁ እየተንቀጠቀጠ የጃኬቱን ቁልፎች መፍታት እንኳ አቅቶት ነበር፤ አውቶቡሱ ፍሬን እምቢ ብሎት ገደል አፋፍ ላይ ነው የቆመለት። አሁን ግን እያፏጨ ወጣ።

ቁንጫ ዓይኗን ከደብተሯ ላይ አነሳች። ይህን ስም ያወጣችላት ታላቅ እህቷ ናት፤ አንድ ቦታ አርፋ ስለማትቀመጥ። ዛሬ ግን ከጠዋት ጀምሮ ከወንበሯ አልተነሳችም። ነገ የአዳሪ ትምህርት ቤቱ መግቢያ ፈተና ነው፤ ምግብ የሚባል ነገር አልወርድ ብሏታል።

እህቷ የሻይ ብርጭቆዋን አነሳች። ብርጭቆው ተንቀጠቀጠና ሻዩ ባንኮኒው ላይ ፈሰሰ።

የሰፈሩ ሰው «የላውንደሪዋ ልጅ ጠንቋይ ናት» ብሎ እህቷን ያማታል፤ አምቶ ሲያበቃ ደግሞ ልብሱን ይዞ ይመጣል። ሰው መቼም እንዲህ ነው። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ካውያውን የያዘችው እሷ ናት፤ እሷ የተኮሰችውን የለበሰ ሁሉ ቅልል ብሎት ይሄዳል። ባለፈው ሳምንት ዳቦ ጋጋሪዋ እያለቀሰች መጥታ እየሳቀች ሄደች። ያን ዕለት ከሰዓት እህቷ ሳፋው ላይ ተደፍታ ስታለቅስ ቁንጫ አይታታለች። ያኔ ነገሩ አልገባትም ነበር፤ አሁን ገባት።

«ዩኒፎርምሽን አምጪ» አለች እህቷ። «ልተኩስልሽና ነገ አንበሳ ሆነሽ ትገቢያለሽ።»

ቁንጫ ዩኒፎርሙን ጭኗ ላይ ጥብቅ አድርጋ ያዘችው። መስጠት ፈልጋ ነበር፤ ምን ይደበቃል።

«እትዬ፣ የሚወጣው ነገር የት ነው የሚሄደው?»

«የቱ?»

«የሾፌሩ መንቀጥቀጥ።»

«የት ይሄዳል? እንፋሎት አይደል፣ ይተናል» አለች እህቷ፤ እጇን ግን የሥራ ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ከተተች።

«በቃ፣ እኔው እተኩሰዋለሁ።»

«አንቺ? መጋረጃው ላይ ሌላ መስኮት የከፈትሽው አንቺ?»

ሁለቱም ሳቁ። እህቷ ጋዋኗን አውልቃ ምስማሩ ላይ ሰቀለችና የሆቴሉን አንሶላዎች ተሸክማ ልታደርስ ወጣች።

ቁንጫ ጋዋኑን አየችው። የሀገሩን ልብስ የምትተኩስ እህቷ የራሷን አንድ ቀን ተኩሳ አታውቅም፤ ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም ይባል የለ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ ውሃ ረጨችና ካውያውን ቀኝ እጅጌው ላይ አሳረፈች።

እንፋሎቱ ተነሳ፤ ክፍሉ ጉም ለበሰ። ግድግዳው ራቀ፤ የተሰቀሉት ልብሶች ተራ በተራ የሚተነፍሱ መሰሉ። መጀመሪያ የፍሬን ጩኸት መጣና እጇ ላይ ቀረ። ቀጥሎ የዳቦ ጋጋሪዋ እንባ በገዛ ጉንጯ ወረደ።

«እኔም እንደሷ ነኝ ለካ» አለች በለሆሳስ። ብትፈራም አላቆመችም።

ካውያው የግራውን እጅጌ ጫፍ ሲነካ ግን የማንም ደንበኛ ያልሆነ ነገር አገኛት። ጠረጴዛ ላይ አንድ ሳህን ብቻ። ሁለት አልጋ፣ አንዱ እንደተነጠፈ የዋለ። «ቁንጫ!» የሚል ጥሪ፣ አቤት ባይ የሌለው። ለካ እህቷ ፈተናውን እንድታልፍላት እየጸለየች ማለፏን ትፈራው ኖሯል። ቁንጫ ካውያውን ቀና አደረገች። እንባዋ መጣ፤ ይሄኛው የራሷ ነበር።

ለመተኮስ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከተኮሰችው እህቷ ነገ ቅልል ብሏት ትሸኛታለች፤ በባዶው አልጋ አጠገብም እያፏጨች ታልፋለች። ግን ያኔ ቁንጫን ማን ይናፍቃል?

ካውያውን ነቀለች፤ ጋዋኑንም ወደ ምስማሩ መለሰችው።

ሲነጋ ዩኒፎርሟን እንዳለ ለበሰችው።

«ተጨማዶ?» አለች እህቷ።

«ይሁን። ፍርሃቱ የኔ ነው።»

እህቷ ጋዋኗን ለብሳ ሻይዋን አነሳች። ብርጭቆው ጸጥ አለ። ቀኝ እጅጌዋን አየች፤ ከዚያ ግራውን፣ ቆየት ብላ።

«የግራውን ረሳሽው።»

«አልረሳሁትም፣ እትዬ።»

እህቷ ቀረብ ብላ የቁንጫን ኮሌታ በባዶ እጇ አቃናችላት። ቁንጫ እርሳሷን አነሳች፤ ጣቶቿ መሃል ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ቢሆንም ይጽፋል። በሩን ከፍታ ወጣች።